«ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ብለው ያገለገለ ሞተር ሸጡልኝ፤ ተጠንቀቁ!

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደማ «ይቅር፣ ምን ያደርጋል» ብዬ እተወዋለሁ፤ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ሌላ ሰው ሲያበርበት የከረመውን የሞዴል አውሮፕላን ሞተር አጥበው፣ አዲስ ሳጥን ውስጥ ከተው፣ አዲስ ነው ብለው በአዲስ ዋጋ ሸጡልኝ። ልመልስ ስሄድ ደግሞ «አንተ ነህ ያቃጠልከው» ብለው ሰው አሳቁብኝ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ላይ አውሮፕላን የተንጠለጠለበት፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ወሬ የሚሰልቁ የዘወትር ደንበኞች የማይጠፉበት፣ ሻጩ ገና ሳትጠይቁት «እኔ ራሴ የማበረው በዚህ ነው» የሚላችሁ ቤት። ስትገዙ «ጌታው» ናችሁ። ሳጥኑን ከፈት አድርጎ ያሳያችኋል፣ ላስቲኩን ሳይፈታ መልሶ ይዘጋዋል፣ «እጅ ሲነካካው ዝገት ይይዘዋል» ይላል። ከዚያ ነዳጁን፣ ካንዴላውን፣ የካንዴላ ማሞቂያ ባትሪውን ጎን ለጎን ይደረድርና ሒሳብ ይመታል። የእኔም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ሞተሩ ባለ 46 የሚባለው ነው፤ 0.46 ኪዩቢክ ኢንች፣ በሲሲ 7.5 ገደማ፣ ለመለማመጃ አውሮፕላን ብዙ ሰው የሚይዘው መጠን። ሥሪቱ ኤቢሲ ነው፤ ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ ካሚሻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ክሮም የተለበጠ ናስ፣ ፋሻ የሚባል የፒስተን ቀለበት የለውም። አዲስ ኤቢሲ ሞተር ነክቶ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ካሚሻው ወደ ላይ ጠበብ ተደርጎ ስለሚሠራ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ይነክሳል። ሳይሞቅ ፕሮፔለሩን በእጅ ስታዞሩት እዚያች ቦታ ላይ ሲጥ ይላል፣ አንዳንዱም እምቢ ብሎ ቀጥ ይላል። ብልሽት አይደለም፤ ሞተሩ ሲሞቅ የካሚሻው የላይኛው ክፍል ሰፍቶ ለፒስተኑ ልክ እንዲመጣ ታስቦ ነው። የኔው ግን ገና ከላስቲኩ እንደወጣ እንደ መጫወቻ መኪና ጎማ ተንከባለለ። ንክሻ የለ፣ ድምፅ የለ።

ወዲያው ደወልኩ። «ጌታው፣ አዲሶቹ ሮዳጃቸውን ፋብሪካ ጨርሰው ነው የሚመጡት፤ እንዲያውም ተገላገሉ» አለኝ። ሮዳጅ ማለት አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ እየሠራ የሚፍታታበት ጊዜ ነው። ድምፁ ውስጥ ቅንጣት መንተባተብ አልነበረም። ለካ የለመደበት ነው።

አገጣጠሜን በዝርዝር የምናገረው በኋላ «አያውቅበትም» ስለተባልኩ ነው። ሞተሩን ያሰርኩት አውሮፕላን ላይ ሳይሆን መሞከሪያ ማቆሚያ ላይ ነው፤ የሞተሩን እግሮች፣ ማለትም ብሎን የሚገባባቸውን ክንፎች፣ ከላይ በረጅም ጠፍጣፋ ብረት የሚጨብጥ ማቆሚያ ነው፣ ብሎን ሥር የሚገባ ክብ ሮንዴላ የለውም (ይህቺን ያዙልኝ)። የነዳጅ ታንኩ ወገብ ነዳጁን ከሚመጥነው የካርቡሬተሩ መርፌ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው። ከማርሚታው ወደ ታንኩ የሚሄደው የግፊት ቱቦ ተሰክቷል። ፕሮፔለሩ 11 በ6 ኢንች፣ ሚዛኑ የተጠበቀ፣ ዳዶው የጠበቀ። ዋናው መርፌ መመሪያው ባለው ልክ ተከፍቷል፤ የሚኒሞውን ብሎን አልነካሁትም። ነዳጁ ከራሳቸው የተገዛ፣ ኒትሮው 10 በመቶ፣ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሲንተቲክ። ጠብታ የጉሎ ዘይት የለበትም፤ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል (ይህቺንም ያዙልኝ)።

ካርቡሬተሩን ከፍቼ፣ አፉን በጣት ደፍኜ፣ ነዳጁ በቱቦው እስኪመጣ ፕሮፔለሩን አዞርኩ። ካንዴላውን በ1.5 ቮልት አጋልኩና ሞተሩን ለማስነሳት ፕሮፔለሩን በዱላ መታሁት። ብልጭ የለም። ደጋግሜ መታሁ። ካንዴላውን ፈትቼ ሽቦውን አየሁት፣ ፍም ሆኖ ይግላል። በኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ሲሆን ግን ተነሳ። ነጭ ጭስ እየተፋ፣ ነዳጅ በዝቶበት እየተንተፋተፈ ሠራ። ኤቢሲን ቀዝቃዛ አድርጎ በነዳጅ ማራስ ሮዳጁን ያበላሸዋል እንጂ አያግዘውም፤ ስለዚህ ትንሽ ነዳጅ በዛ እንዳለለት ሙቀቱን እንዲያገኝ መርፌውን በጥቂቱ ዘጋሁለት። ሙቀቱ ሲመጣ ገመናው ወጣ። ጋዙን ስቀንስ ጠፋ። መልሼ ላስነሳው ስል ፕሮፔለሩ እጄ ላይ ያለ ምንም ኮምፕሬሽን ዞረ፤ ውስጡ ፒስተን የሌለ ያህል። ሲቀዘቅዝ ትንሽ ኮምፕሬሽን ይመለሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይጠፋል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ቱቦ ቀየርኩ፣ ታንኩን ከፍና ዝቅ አደረግኩ። ያው ነው። ሲሞቅ አልነሳ የሚል ኤቢሲ ንክሻው ያለቀ፣ ያረጀ ኤቢሲ ነው።

ማርሚታውን ፈትቼ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ አየሁ። የአዲስ ፒስተን ጎን ብርማ ነው። ይሄኛው ቡናማ ነው፤ የተጋገረ የጉሎ ዘይት፣ በጥፍር የማይፋቅ። እግሮቹን ስፈትሽ ደግሞ በእያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ክብ የሮንዴላ ጠባሳ ታትሟል።

ሞተሩን ከነሳጥኑና ከነደረሰኙ ይዤ ሄድኩ።

ሻጩ ሲያየኝ ፈገግ አለ። ቅሬታዬን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀም፤ ካቻቢቴውን አንስቶ ማርሚታውን ፈታ፣ የእጅ ባትሪ አበራ፣ አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል የተመለከተው እኔን አልነበረም፤ ባንኮኒው ላይ የተደገፉትን ነው። «ኑ እስቲ እዩልኝ» አላቸው። ተራ በተራ አጎንብሰው አዩ። አንዱ ምላሱን መታ።

«ይሄ ነዳጅ ያጠረው ሞተር ነው» አለ ሻጩ። «መርፌውን ጠርቅሞ ጋልቦታል። ሮዳጅ ሳያልቅ!»

በስልክ «ሮዳጃቸውን ፋብሪካ ጨርሰው ነው የሚመጡት» ያለኝ ይኸው ሰው ነው። አስታወስኩት። አልሰማኝም።

«ይሄ ቡናማ የጉሎ ዘይት ነው። እኔ ያስገባሁት እናንተ የሸጣችሁልኝን ሲንተቲክ ነው። ከየት መጣ?» አልኩት።

ጨርቅ አልኮል ነክሮ የፒስተኑን ጎን በቀዳዳው በኩል ጠረገው። የኔ ነዳጅ የተወው ትኩስ ዘይት ወዲያው ለቀቀ፤ ቡናማው ንቅንቅ አላለም። ጨርቁን ለታዳሚው ዘርግቶ አሳየ። «አያችሁ? አይለቅም። ተቃጥሏል ማለት ነው።» ማስረጃዬን ከእጄ ነጥቆ መልሶ እኔኑ መታበት! ሲንተቲክ ዘይት ሞተሩ ከመጠን በላይ ቢግል ተቃጥሎ ይጠፋል እንጂ እንደ ጉሎ ዘይት ቡናማ ሽፋን ጋግሮ አይቀመጥም፤ የጉሎውም ቢሆን እንደዚያ የሚወፍረው ብዙ ከተሠራበት በኋላ ነው። ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ጨርቁን የዘረጋው ለማያውቁት ነው።

የሮንዴላውን ጠባሳ አሳየሁት። «ስታስረው ነዋ» አለ። ማቆሚያዬ ሮንዴላ የለውም አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

ይህን ስንባባል ከጓዳ ጥገና የሚሠራው ልጅ እጁን እየጠረገ ወጣ። ባንኮኒው ላይ ያለውን ሞተር አየና፣ ምንም ተንኮል በሌለው ድምፅ፣ «ውይ፣ ይሄ ደግሞ ተመልሶ መጣ?» አለ።

ሱቁ ጸጥ አለ። ሻጩ ዞር ብሎ አየው፤ ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ሥራህን ሥራ» አለው፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓዳው ተመለሰ። «ተመልሶ ማለት ምን ማለት ነው? ከማን ነው የተመለሰው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልስ የለም። ባንኮኒው ላይ ያሉት ሁሉ ድንገት ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው አውሮፕላን ይበልጥ አሳሰባቸው። አንድ፣ አንድ ሰው እንኳ «ልጁ ምን አለ?» አላለም። ከሁሉም ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሻጩማ ሻጭ ነው፤ እነሱ ግን እንደኔው ገዢዎች ናቸው፤ ነገ ያው ባንኮኒ ላይ በተራቸው የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

ሻጩ ግን ቶሎ ነው የተመለሰው። ሞተሩን በሁለት ጣቱ ወደኔ ገፋው። «ስማ፣ በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ለጀማሪ አይሆንም። የኤሌክትሪኩን ያዝ፤ ባትሪ ሰክተህ ማብረር ነው።» ሳቁ ተመለሰ፤ ጸጥታው የከበዳቸው ሁሉ መሳቂያ ስላገኙ ደስ አላቸው። ከፈለግኩ ፒስተንና ካሚሻ ሊያዝልኝ እንደሚችል ነገረኝ፤ ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ገንዘቤን አልኩት። ደረሰኙን ገልብጦ ከጀርባው ያለችውን መስመር በጥፍሩ አሳየኝ፦ ነዳጅ የገባበት ሞተር አይመለስም። ነዳጅ ሳይገባበት አሮጌ መሆኑ በምን ይታወቃል? ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ አሮጌ መሆኑን የምታውቀው ስታስነሳው ነው፤ ካስነሳኸው ደግሞ ያንተ ነው።

ሳጥኑን ሊሰጠኝ ፈቃደኛ አልሆነም። «ለመዝገብ ያስፈልገናል» አለ። ሞተሩን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የኋላ ክዳኑን ፈታሁ። የኋላው ኩሽኔታ ዝጓል፤ በጣት ሲዞር ያንኳኳል። ሜታኖል እርጥበት ይስባል፤ ሞተሩን ካሠራህ በኋላ የቀረውን ነዳጅ አቃጥለህ ዘይት ካልጨመርክበት ኩሽኔታው ነው የሚበላው። ይህ ዝገት በኔ እጅ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት አብርሮት፣ ሳይቀባው አስቀምጦት፣ ሲብስበት ለሱቁ መልሶለታል። ሱቁም አጥቦ ለኔ።

ያገለገለ ሞተር ነውር የለበትም። በደንብ የተያዘ ሞተር ለዓመታት ይሠራል፤ «ያገለገለ ነው» ብለው በአገልግሎቱ ልክ ቢሸጡልኝ አመስግኜ እወስደው ነበር። ደግሞም ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጋዝ ሲቀነስበት የሚጠፋ ሞተር ማቆሚያ ላይ ቢጠፋ ምንም አይደል። አየር ላይ፣ ለማረፍ ዝቅ ስትል ቢጠፋስ? አውሮፕላኑ የሚወድቅበትን ቦታ አንተ አትመርጥለትም።

ለምትገዙ፦ ላስቲኩን ሳታስፈቱ አትክፈሉ። እግሩ ላይ የሮንዴላ ጠባሳ፣ ፕሮፔለሩ የሚያርፍበት ጥርስ ላይ የመጫን ምልክት፣ የብሎኖቹ ራስ ላይ የካቻቢቴ ጭረት ፈልጉ። በጭስ መውጫው በባትሪ እዩ፤ ቡናማ ካያችሁ ውጡ። ኤቢሲ ከሆነ ሳይሞቅ አንዴ አዙሩት (አንዴ ብቻ፣ ደረቁን ማመላለስ ንክሻውን ይበላዋል)፤ ጫፍ ላይ ካልነከሰ አዲስ አይደለም። ፋሻ ባለው ሞተር ይህ ምልክት አይሠራም። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ስልካችሁ ይቅረጽ፤ «ዝገት ይይዘዋል» ካለ ይበል። ሳጥኑንም አትስጡ። የኔው እዚያው ባንኮኒ ሥር ቀርቷል፤ ባዶውን ደግሞ አያስቀምጡትም።