የድሮ ስኖውሞቢል ክራንክ ሲሄድ፦ አዲስ ኮፒ፣ ያገለገለ ወይስ የራሱን ማሳደስ?

በረዶው ገና ሳይጥል እዚህ ሚኒሶታ ስኖውሞቢል (በረዶ ላይ ሚነዳ ማሽን) ያላቸው ልጆች ተራ በተራ ይደውሉልኛል፣ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ "ክራንኩ ሄደብኝ፣ ኦንላይን በ280 ዶላር አዲስ አየሁ፣ ልግዛው?" ክራንክ ማለት የፒስተኑን ላይ ታች ወደ መሽከርከር ሚቀይረው የሞተሩ ዘንግ ነው፣ የ280ው ደሞ ኮፒ ነው፣ ሌላ ካምፓኒ አስመስሎ የሰራው። አትግዙት። የራሳችሁን ኦሪጅናል ክራንክ አውጡና ስራው ክራንክ ብቻ የሆነ ባለሙያ ጋ ልካችሁ አሳድሱት።

ዋጋውን እንየው፣ ምክንያቱም ሁሉም እዚህ ጋ ነው ሚሸነፈው። የምነግራችሁ እኔ ሚያጋጥመኝን ነው፣ ለባለ ሁለት ሲሊንደር፣ እንደ ፖላሪስ ኢንዲ 500 ላሉት (ሞተሩ የፉጂ ነው፣ ያው ሱባሩን የሚሰራው ካምፓኒ)። ኮፒው ከ250 እስከ 350። ያገለገለ ከ100 እስከ 200። ማሳደስ የእጅ ዋጋው፣ ሁለት የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ሚያያይዘው ብረት) ኪትና ኩሽኔታዎቹ (ቤሪንጎቹ) ተደምሮ ከ400 እስከ 600፣ ፖስታው ለብቻ ነው፣ ብረት ስለሆነ ይከብዳል። የካምፓኒውን አዲስ ካላችሁ ከ1000 በላይ ነው፣ እሱም ከተገኘ፣ ለድሮዎቹ ብዙ ጊዜ ማምረት አቁመዋል። ማሽኑ ራሱ ደሞ ቢሸጥ 1000፣ ቢበዛ 1500 ነው፣ እና ሰው 280ውን ሲያይ ልቡ ቢሸፍት አልፈርድበትም።

ግን አንድ ጓደኛዬ ገዝቶ አመጣውና ከመግጠማችን በፊት እንለካው አልኩት። ሁለቱን ጫፍ ቪ ብሎክ (ዘንግ ሚያርፍበት የቪ ቅርጽ ያለው ብረት) ላይ አስቀመጥነው፣ ዳያል ኢንዲኬተሩን (ጥቃቅን ልዩነት ሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) አስጠግተን ቀስ እያረግን በእጅ ስናዞረው መርፌው 0.15 ሚሊሜትር ድረስ ይሄዳል ይመለሳል፣ ጠማማ ነው ማለት ነው። ጥሩ ባለሙያ ከ0.05 በታች አርጎ ነው ሚሰጣችሁ። ይሄ ክራንክ እኮ እንደ መኪና አንድ ወጥ ብረት አይደለም፣ ቁርጥራጩ በፕሬስ እየተጠቀጠቀ ነው ሚገጣጠመው፣ ስለዚህ ገንዘቡ ሚከፈለው ለብረቱ ሳይሆን ላቃናው እጅ ነው። ሻጩ የመመለሻ ፖስታውን ራስህ ቻል አለው። ለማቃናት ሌላ ቦታ 120 ከፈለ፣ ቢዬላው ውስጥ ያለው የመርፌ ኩሽኔታ ግን ያው ኮፒው ነው፣ ክረምቱ ሳያልቅ ጮኸና ፒስተኑን ይዞት ሄደ። እንግዲህ 280 ሲደመር 120 ሲደመር ፒስተን ሲደመር ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መሃል ሚገባው ማሸጊያ)፣ እናንተው ደምሩት።

ያገለገለውስ? ለመግጠም ከሆነ እኔ አልነካውም። ፎቶው ላይ ያብረቀርቃል፣ ነገር ግን ሼድ ውስጥ ስንት በጋ እንደከረመ አይታወቅም፣ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ደሞ እርጥበት ይስባል፣ ኩሽኔታው ላይ ዝገት ይነጠብጣል። ዘይቱን አጥባችሁ በጣት ስታዞሩት ኮርኮር ካለ አለቀለት። ቢዬላው ወደ ጎን ትንሽ ቢንሸራተት ችግር የለውም፣ ላይ ታች ከተነቃነቀ ግን ጨርሷል። ያገለገለ ሚጠቅመው አንድ ቦታ ነው፣ ክራንካችሁ ክላቹ ሚገባበት ጫፍ ላይ ከተቆረጠ ባለሙያው ያንን ጎን ብቻ ከሌላ ክራንክ ወስዶ ይተካዋል፣ ያኔ የ100 ዶላሩን ገዝታችሁ አብራችሁ ላኩለት።

በነገራችን ላይ ያ ጫፍ ሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው። ክላቹን ለማውጣት የራሱ መፍቻ አለው፣ ርካሽ ነው፣ በመዶሻ ሚደበድቡ ሰዎች አሉ ኧረ ተዉ።

ሌላው፣ ክራንኩ በምን እንደሞተ ሳታውቁ አዲስ ብትገጥሙ ያንኑ ትደግሙታላችሁ። ብዙውን ጊዜ ክራንኩ ዳር ላይ ያለው የዘይት ሲል (የጎማ ማሸጊያ) አርጅቶ አየር ያስገባል፣ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ሚገባ ከሆነ እሱም አብሮ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ሲሎቹን አብራችሁ ቀይሩ፣ ከሌላው ጋር ስታዩት ዋጋው ምንም ነው። ካርተሩንም (ክራንኩ ሚቀመጥበትን የሞተር ቤት) በደንብ እጠቡት፣ የተፈጨው ብረት ጥግ ጥጉን ተደብቆ ይቆይና አዲሱን ኩሽኔታ ይበላዋል።

ባለሙያው ጋ ስትደውሉ ፒኑን (የክራንኩን ቁርጥራጮች ሚያያይዘውን) ይበይደው እንደሆነ ጠይቁ። መበየዱ ክራንኩ እንዳይጠመዘዝ ይረዳል፣ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ማሳደሱን ከባድ ያረገዋል፣ እኔ እንደነገሩ ለሚነዳ ማሽን አላስበይድም። መላኩን ደሞ በሚያዝያ አርጉት፣ ኅዳር ላይ ወረፋው ሳምንታት ስለሚፈጅ በጥድፊያ ያንን 280 ዶላር ትከፍላላችሁ።