አርቸር ሲ6 ራውተር በጀጎል ቤት፦ ከዕቃው ይልቅ ቦታው

ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ የገዛሁትን ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ6 ራውተር ሐረር ጀጎል ውስጥ በምኖርበት ቤት ስጠቀምበት አምስት ወር አልፎኛል። ሻጩ ዕቃውን ያሞገሰልኝ አንቴናዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነበር፤ እኔ ግን ለውጡን ያገኘሁት ከአንቴናው ብዛት ሳይሆን መሣሪያውን ካገናኘሁበት ቦታ ነው።

ቤቱ ሐረሪዎች ጌይ ጋር የሚሉት ባህላዊ የድንጋይ ቤት ነው። መስኮቱ ደፍ ላይ ክንዴን ባጋድም ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ያለው ርዝመት የግድግዳውን ውፍረት አይሞላውም። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በመደበኛ ስልክ መስመር፣ ማለትም በመዳብ ሽቦ ነው። መስመሩን ያስገባልን ባለሙያ ሶኬቱን ከግቢው በር አጠገብ ከተከለ በኋላ ቀጭን የስልክ ሽቦ ሁለት ቦታ ላይ ቀጥሎ፣ ቅጥያውን በፕላስተር ጠቅልሎ፣ እስከ ዋናው ክፍል ድረስ ጎተተልን፤ ሞደሙንም (ኢንተርኔቱን ከስልክ መስመሩ የሚቀበለውን ሳጥን) ለጌጥ ከተደረደሩት ባለ አበባ የብረት ሳህኖች መካከል፣ ግድግዳው ውስጥ ገባ ብሎ በተሠራው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ለዓይን ያምር ነበር፤ ነገር ግን ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጥ ነበር።

ለዚህ ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው፣ የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ ሞገድ የሚለየው ስፕሊተር የሚባለው ትንሽ ሳጥን አልተገጠመም ነበር። ሁለተኛውና ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ደግሞ፣ የዲኤስኤል፣ ማለትም በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት፣ ሞገድ በመዳብ ሽቦ ላይ በተጓዘ መጠን እየደከመ ስለሚሄድ፣ እያንዳንዱ ቅጥያና እያንዳንዱ የጎን ቅርንጫፍ ሽቦ ተጨማሪ ድካምና ጫጫታ የሚያመጣበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሞደሙ መገናኘት ያለበት መስመሩ ወደ ቤት ሲገባ በሚያገኘው የመጀመሪያው ሶኬት ላይ፣ በስፕሊተር አማካይነት ነው። ርቀት የሚያስፈልግ ከሆነ መርዘም ያለበት የስልኩ ሽቦ ሳይሆን ከሞደሙ ወደ ራውተሩ የሚሄደው የኔትወርክ ኬብል ነው፤ ይህ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያደርሳል።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ሞደሙ በሩ አጠገብ ቀረ፤ አርቸሩ በኬብል ተያይዞ ዋናው ክፍል መሐል፣ ከነደባው (ከፍ ብሎ ከተሠራው መቀመጫ መደብ) በላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ወደ መደርደሪያው ያልመለስኩት በሦስት ወገን ድንጋይ ስለሚከበው፣ ሳህኖቹም ብረት በመሆናቸው ሞገዱን ስለሚመልሱት ነው። (ባለቤቴ ሳህኖቹ ከቦታቸው እንደማይነሱ አስቀድማ አሳውቃኛለች፤ ስለዚህ የተነሳው ራውተሩ ነው።)

ዕቃው በሁለት የዋይፋይ ሞገዶች፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ በወረቀት ላይ ያለው ከፍተኛ ፍጥነት በ5 ጊጋኸርዝ 867 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። የመዳብ መስመር ከዚህ ትንሹን ክፍል ብቻ ስለሚያቀርብ በዚህ ቁጥር ተማርኮ መግዛት ትርፍ የለውም። በዋናው ክፍል 5 ጊጋኸርዙ ንጹሕና ፈጣን ነው፤ የጎረቤት ዋይፋይም አይረብሸውም። ኪርታት ወደምንለው ትንሽ ክፍል ሲገባ ግን ወዲያው ይደክማል፤ እዚያ የሚያገለግለው ድንጋይን በተሻለ የሚያልፈው 2.4 ነው። ይህ የግድግዳው ጠባይ እንጂ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም፤ በብሎኬት በተሠራ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ልዩነቱ ያን ያህል ላይሰማ ይችላል።

ፋይበር የገባላቸው ሰዎች የመዳቡ ጣጣ አይመለከታቸውም፤ የቦታው ነገር ግን ይመለከታቸዋል። የፋይበር ገመድ በጠባቡ ሲታጠፍ ብርሃኑ ስለሚባክን፣ ከተተከለ በኋላ እየጎተቱ ቦታ ከመቀየር ይልቅ ባለሙያው ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት ሳጥኑ የት እንደሚሆን መወሰን ይሻላል።

በግቢው ማዶ ባለው ማድ ቤት አሁንም ምንም አይሠራም፤ ሁለት የድንጋይ ግድግዳ በመካከል አለ። አርቸሩን አክሰስ ፖይንት (ከሌላ ራውተር በኬብል የመጣለትን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ) አድርጎ መጠቀም ስለሚቻል፣ ሌላ ሁለተኛ ራውተር ሲገኝ ይህኛው ወደዚያ ይዛወራል፤ ለዚህም 20 ሜትር ኬብል ገዝቼ አስቀምጫለሁ።