መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ድረ ገጼን የሠራችልኝን ተማሪ ላመስግን

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ድረ ገጹ ሥራ የጀመረ ዕለት ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ወር አለፈ። ዛሬ ጠዋት ግን አንዲት ደንበኛ ደውላ «በሥዕሉ መሠረት ለክቼ ልኬልዎታለሁ፣ ደርሶዎታል ወይ?» ስትለኝ ከዚህ በላይ ማቆየቱ ነውር መሰለኝ። መስኮት እንዴት እንደሚለካ የሚያሳየውን ያንን ሥዕል የሣለችው አንዲት ተማሪ ናት። ድረ ገጹንም ከሀ እስከ ፐ የሠራችው እሷ ናት። እንግዲህ በአደባባይ ላመስግናት፣ ሰው የሚፈልግ ካለም ልጠቁማት።

እኔ መጋረጃና የሶፋ ልብስ ነው የምሰፋው። እሷ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ለመመረቂያዋ የአንድ አነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ዲዛይን አድርጋ፣ ከዚያ በተጠቃሚዎች ማስፈተሽ ነበረባት። አንድ ወዳጄ አገናኘን።

ከእሷ በፊት የነበረኝን ልንገራችሁ። ሌላ ባለሙያ ድረ ገጽ ሠርቶልኝ ነበር። መግቢያው ላይ ትልልቅ ፎቶዎች እየተፈራረቁ ያልፋሉ፣ ጽሁፉ ቀጭንና ግራጫ ነው፣ ያየው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይለኛል። ትእዛዝ ግን የለም። የሚደውሉልኝም ሰዎች እዚያው ገጽ ላይ የተጻፈውን ነገር መልሰው ይጠይቁኛል። ሰው ማንበብ ትቷል ብዬ ደምድሜ ነበር። በዚያ ላይ የድረ ገጹ አድራሻ የተመዘገበው በሠሪው ስም ስለነበር፣ ስንለያይ አድራሻውም አብሮት ሄደ። ይህን የምነግራችሁ እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው። ማንም ይሥራላችሁ፣ ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ በራሳችሁ ስም ይመዝገብ።

ልጅቷ መጀመሪያ የመጣች ቀን ላፕቶፗን እንኳ ከቦርሳዋ አላወጣችም። «ጋሼ፣ ሰው ሲደውልልዎ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስለ ጨርቅ ዓይነት ነው አልኳት። አልተከራከረችኝም። «እስቲ ለአንድ ሳምንት የሚደወልልዎን ሁሉ እዚህ ይጻፉልኝ» ብላ ባዶ ደብተር ትታልኝ ሄደች።

ጻፍኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ሳገላብጠው ስለ ጨርቅ የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው የሚጠይቀው «መስኮቴን ከየት እስከ የት ልለካ?» ነው። ሰው የመስታወቱን ልክ ይነግረኛል፣ መጋረጃ ግን የሚለካው ከሚንጠለጠልበት ዘንግ ነው። ለመሸብሸቢያ ደግሞ የስፋቱን እጥፍ ያህል ጨርቅ ይፈልጋል። ይህን በቀን ስንት ጊዜ በስልክ እንደማስረዳ ልብ ብዬው አላውቅም። አሮጌው ድረ ገጽ ላይ ስለ አለካክ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። ሰዎች ማንበብ አልተዉም ነበር፤ የሚፈልጉት ነገር ነው ያልተጻፈው።

ቀጥላ የሥራዎቼን ስም በሙሉ ትንንሽ ካርዶች ላይ ጽፋ መጣች። እኔ ሁልጊዜ የማስቀምጣቸው በጨርቅ ነው፦ ስስ፣ ወፍራም፣ ብርሃን የማያሳልፍ። በስፌት ሥራ ያለ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ካርዶቹን ለተለያዩ ሰዎች ሰጥታ «የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጓቸው» ስትላቸው ግን አብዛኞቹ በክፍል መደቧቸው። የመኝታ ቤት፣ የሳሎን፣ የልጆች ክፍል። ደንበኛ ጨርቅ ፍለጋ አይመጣም፣ መኝታ ቤቱ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስለሚገባበት ነው የሚመጣው። የድረ ገጹ ማውጫ (ሜኑው) በዚያው መሠረት ተሠራ። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ ማንም እንዲህ ብሎ አላሳየኝም።

ከዚያ ገጾቹን በወረቀት ሣለቻቸው። ቀጥሎ ፊግማ በሚባል የዲዛይን ፕሮግራም እየተነካ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግር ንድፍ ሠራች። እውነተኛ ድረ ገጽ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሰው ስልኩን ከሚሞላበት ፎርም በቀር ኮድ የለውም። ለምን በቀጥታ አትሠሪውም ስላት፣ ንድፍ ላይ ስህተት ማረም የደቂቃ ሥራ ነው፣ ኮድ ከተጻፈ በኋላ ግን ቀናት ይፈጃል አለችኝ። ይሄ ገባኝ። እኛም ጨርቅ ከመቁረጣችን በፊት በኖራ እናሰምራለን።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ፍተሻው።

«አምስት ሰው ይበቃናል» ስትለኝ አነሰብኝ። አስረዳችኝ። ጄኮብ ኒልሰን እና ቶማስ ላንዳወር የተባሉ የአጠቃቀም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ቀመር አለ። አንድ ሰው ብቻውን ከችግሮቹ በአማካይ 31 በመቶውን የሚያጋልጥ ከሆነ፣ አምስት ሰዎች ሲደመሩ 85 በመቶ ገደማ ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሰው የሚያሳየን በአብዛኛው ያየነውን ነው። ስለዚህ አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ከማስቸገር፣ በአምስት ሰው ፈትሾ ማረም፣ እንደገና በሌላ አምስት ሰው መፈተሽ ይሻላል። ይህ ስሌት የሚሠራው ችግር ለማግኘት እንጂ «ይህን ያህል በመቶ ሰው ወደደው» ለማለት እንዳልሆነም አስጠነቀቀችኝ። እኔ ቁጥሩን ማስታወቂያ ላይ ላውለው አስቤ ነበር፣ ከለከለችኝ። ደግ አደረገች።

ሰዎቹን የመረጠቻቸው ከደንበኞቼ ዓይነት ነው፣ ከክፍል ጓደኞቿ አይደለም። አንዱ በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ፣ አንዷ ልጅ የታቀፈች እናት። ለእያንዳንዳቸው መጀመሪያ የምትለው አንድ ነገር ነበር። «የምንፈትሸው ገጹን ነው፣ እርስዎን አይደለም። ከተቸገሩ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ የሚያስቡትን ሁሉ ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ ትጠይቃቸዋለች። ስክሪኑን ለመቅረጽ ፈቃዳቸውን በጽሁፍ ተቀብላለች፣ ፊታቸውን አልቀረጸችም። የምትሰጣቸው ሥራም በብልሃት የተዘጋጀ ነው። «ትእዛዝ የሚለውን ንኩ» አትልም። «አዲስ ቤት ገብተዋል፣ መኝታ ቤቱ ጠዋት ብርሃን ይበዛበታል፣ ምን ያደርጋሉ?» ነው የምትለው። ገጹ ላይ ያለውን ቃል ከነገረቻቸው ያንኑ ቃል ፈልገው ይነካሉ፣ ያኔ የፈተነችው ዓይናቸውን ብቻ ይሆናል።

እኔ ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ፣ አንድ ቃል ላልተነፍስ ቃል አስገብታ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም። እኒያ አባት ፎቶውን ደጋግመው ይነካሉ፣ ምንም አይከፈትም። ቁልፉ ከታች ነው፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ቢሉ ያገኙታል። አላስቻለኝም፣ «እዚያ ታች…» ብዬ ጀመርኩ። ልጅቷ ዞር ብላ በቀስታ «ጋሼ፣ ቤታቸው ሆነው ሲከፍቱት እርስዎ አጠገባቸው የሉም» አለችኝ። ይህ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ንድፉን ስታስተካክል ፎቶው ራሱ እንዲከፈት አደረገችው።

ምን ምን ተገኘ? ብዙ ነው፣ እኔን ያስደነገጡኝን ልንገራችሁ። ቁልፉ ላይ «ትእዛዝ ያስገቡ» የሚል እንዲጻፍ ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ከአምስቱ ሦስቱ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። አንዷ «ይህን ከነካሁ ገዛሁ ማለት ነው?» አለች። «ዋጋ ይጠይቁ» በሚለው ተተካ፣ በሁለተኛው ዙር ማንም አልቆመም። ሌላው ፎርሙ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው የመስኮቱን ቁመትና ስፋት ነበር። ሰው ደግሞ ስልኩን የሚከፍተው መንገድ ላይ ወይም ሥራ ቦታ ሆኖ ነው፣ መስኮቱ አጠገቡ የለም። እዚያው ትተውት ይወጣሉ። አሁን ስምና ስልክ፣ ከዚያ ክፍሉን ብቻ ይጠይቃል፣ ልኩ በኋላ ይላካል፣ ከየት እስከ የት እንደሚለካ የሚያሳየው ሥዕልም አጠገቡ አለ።

ስልክ ቁጥሩን በክፍተት ለያይቶ የጻፈን ሰው ፎርሙ «ስህተት» ብሎ የጻፈውን ሁሉ ያጠፋበት ነበር። ያቺ ልጅ የታቀፈችው እናት ሁለት ጊዜ ጻፈች፣ ሁለት ጊዜ ጠፋባት፣ ሦስተኛ አልሞከረችም። ዝም ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። ስንት ደንበኛ እንደዚያ ስልኩን አስቀምጦ ሊሄድ ይችል እንደነበር ሳስብ ሆዴ ተላወሰ። አሁን በክፍተትም ተጻፈ ያለ ክፍተት ይቀበላል፣ ስህተት ካለም የቱ ጋ እንደሆነ ይናገራል፣ የተጻፈው አይጠፋም።

ቀለሙም አለ። በክሬም ላይ ግራጫ ጽሁፍ የወደድኩት እኔ ነበርኩ። አባትየው ስልኩን ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ ነበር የሚያነቡት። ልጅቷ ለካችው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሁፍ በጽሁፉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የቀለም ንፅፅር ይጠይቃል፣ የእኔ ከዚያ በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የመመሪያው እትም ደግሞ የሚነኩ ቁልፎች ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል (የስክሪን መለኪያ ነው) እንዲሆኑ ይላል፣ እሷ ግን በስልክ ለሚጠቀም ሰው ይህም ያንሳል ብላ 44 አደረገችው። ጽሁፉ ጠቆረ፣ ቁልፉ ሰፋ። ውበቱ አልቀነሰም።

ያልተስማማንበትም ነበር። የሚፈራረቁትን ፎቶዎች መግቢያው ላይ ካላስቀመጥን አልኩ። እንቢ አላለችም፣ «አስቀምጠን እንያቸው» አለች። አምስቱም ሳያዩዋቸው ወደ ታች ወረዱ። የስክሪኑን ቀረጻ ስታሳየኝ የምለው ጠፋኝ፣ ፎቶዎቹ ወጡ። በሌላ በኩል ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ብላ የጨርቁን የቅርብ ፎቶ አውጥታ ነበር። እኔ ሰው ጨርቁን ሳያይ አይገዛም አልኳት። በሁለተኛው ዙር ሁለት ሰዎች «ጨርቁን ቀረብ አድርጌ ላየው አልችልም?» ብለው ጠየቁ። ሳትውል ሳታድር መጠኑን ቀንሳ መለሰችው። የወደድኩላት ይህን ነው። የእሷም የእኔም ሐሳብ እኩል ነበር የሚፈተነው።

መጨረሻ ላይ ገጹን መጠቀም ምን ያህል እንደቀለላቸው የሚለካ፣ አሥር ጥያቄ ያለው መጠይቅ ለሰዎቹ ሰጠቻቸው። ጆን ብሩክ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይሰላል፣ 68 አካባቢ መካከለኛ ተብሎ ይወሰዳል። የእኛን ውጤት አልጽፍም፣ የአምስት ሰው ቁጥር ብዙ አያስኬድም ያለችኝን አክብሬ ነው።

ሥራ ልትሰጧት ለምታስቡ፣ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ፈተና ሲደርስ ትጠፋለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራው ቆሞ ነበር፣ ግን ቀድማ ነግራኛለች። ክፍያ በቀጥታ ድረ ገጹ ላይ የሚፈጸምበትን ሥራ አልሠራም ብላኛለች፣ ገና በደንብ ስላልተማርኩት በሰው ገንዘብ አልሞክርም አለች። ሁሉን እችላለሁ ከሚል ሰው ይህን የምትል ትሻለኛለች። ስታስረክበኝም ዶሜይኑን በስሜ አድርጋ፣ የይለፍ ቃሎቹን ሰጥታ፣ ፎቶ እንዴት እንደምቀይር በገዛ ቋንቋዬ ሁለት ገጽ ጽፋልኝ ነው። እስካሁን ፎቶ የምቀይረው ራሴ ነኝ።

«የትምህርት ቤት ሥራዋ ስለሆነ በነፃ ይሁን» የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ አታድርጉት። እኔ ከፍያታለሁ፣ ለፈተሹልን ሰዎችም ስለ ጊዜያቸው ትንሽ ነገር ሰጥተናል። አሥራችሁም፣ ይህ ከደረሳችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተለይ እኒያ አባት፣ ፎቶውን ደጋግመው ስለነኩልኝ።

አንቺም ልጄ፣ ዝም በል ብለሽ ስላስተማርሽኝ አመሰግናለሁ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ነው የምትይዘው፣ የሚቀጥለውን የምትጀምረው ከፈተና በኋላ ነው። «ፍተሻው ይቅርና ዝም ብለሽ ሥሪልን» የሚል ካለ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አትቀበልም።