ለጓሮ ተባይ የቱ ይሻላል? የሳሙና ውህድ ወይስ የኒም ዘይት?

ክሽክሽ ወይም ነጭ ዝንብ ካስቸገራችሁ፣ እኔ ለተባይ ተብሎ የተዘጋጀውን የሳሙና ውህድ እመርጣለሁ። ቶሎ ይሠራል። ገላቸው ለስላሳ የሆኑ ተባዮችን ሲነካ የላይ ሽፋናቸውን ያበላሽና ያደርቃቸዋል። ችግሩ፣ የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ የመጣ ተባይ ምንም አይሆንም። ስለዚህ የሚደበቁበትን የቅጠል ጀርባ በደንብ ማራስ የግድ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ግን ይቅርባችሁ፤ ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል።

ኒም ትዕግስት ይጠይቃል። በኒም ዛፍ ፍሬ ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የሚባል ንጥረ ነገር ተባዩ ምግብ እንዲጠላና ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ያደርገዋል። ውጤቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ቅጠል በሚበሉ ትንንሽ ትሎች ላይ ግን ከሳሙናው ይበልጣል። ስትገዙ መለያውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ዘይት ሲጣራ አዛዲራክቲኑ ይወጣለታል።

ሁለቱንም ፀሐይ በረድ ሲል፣ ወደ ማታ ርጩ። ንቦች አበባ ላይ ሳሉ በፍጹም አትርጩ፤ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ብቻ ለንብ ደህና ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ።