ጎንደር፣ ጅማ ወይስ አዲስ አበባ? የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ የት ልማር ለምትሉ

የማመልከቻ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ እረፍት የለውም። ወረዳ ላይ አብረውኝ የሠሩ ጤና መኮንኖች ይደውላሉ። ነርሶች ይደውላሉ። «ቁጥርህን እከሌ ሰጠኝ» ብሎ የሚደውልም አለ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ኤምፒኤች (የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ) የት ልማር?» በስልክ ተናግሬ ስለማልጨርሰው ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

በወረቀት ካያችሁት ትምህርቱ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ኢፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴትና ለምን እንደሚሰራጭ የሚያጠናው ትምህርት፣ የትም ኢፒዲሚዮሎጂ ነው፤ ባዮስታቲስቲክስም (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ) እንደዚያው። ሁለት ዓመት ነው፤ መጀመሪያ ኮርስ፣ ቀጥሎ ፕሮፖዛል (የጥናት ዕቅድ)፣ መረጃ መሰብሰብ፣ መተንተን፣ በመጨረሻ ዲፌንስ (ጥናቱን ፈታኞች ፊት ማቅረብ)። የሚለየው ግቢው ነው። የመመረቂያ ጥናት አማካሪን ቢሮው አንኳኩቶ ማግኘት ይቻላል ወይስ ቴሌግራም ላይ ጽፎ ሳምንት መጠበቅ ነው? ተማሪው ከክፍል ሲወጣ አብሮ ቡና ይጠጣል ወይስ ታክሲ ለመያዝ ይሮጣል? ገጠር መውረድ ሰዉ የሚጓጓለት ነገር ነው ወይስ ግዴታ ስለሆነ ብቻ የሚታለፍ? እኔ እንድታዩ የምፈልገው ይህን ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያየው ስም ብቻ ነው።

ሦስቱን የመረጥኩት ጥናት ላይ አብሬያቸው የሠራሁ ሰዎች በብዛት ከእነሱ ስለወጡ ነው። ሐሮማያም አለ፣ የጤናው ኮሌጅ ሐረር ከተማ ነው። ሐዋሳ አለ። ከግሎቹ አዲስ ኮንቲኔንታል አለ። ስለ እነሱ በቅርብ የሚያውቃቸውን ሰው ጠይቁ።

ጎንደር

የጎንደር ግቢ ታሪኩን ካላወቃችሁ አይገባችሁም። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሌጁ ሲከፈት ዋናው ገፊ ምክንያት ወባ ነበር። ትንሽ ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል። አገሪቱ ደግሞ ሐኪም አልነበራትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ እና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በአንድ ግቢ እንዲሠለጥኑ፣ አብረው ጤና ጣቢያ ወርደው እንዲሠሩ ተደረገ። ጤና መኮንን የሚባለው ሙያ በኢትዮጵያ የተወለደው እዚያ ነው።

ይህ አብሮ የመሥራት ልማድ መምህሮቹ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ከጎንደር የወጡ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ። ስብሰባ ላይ አንድ ሥራ ለነርስ ከመጫናቸው በፊት ነርሷ በቀን ስንት ሰው እንደምታይ ይጠይቃሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ወረዳ ላይ የሠራ ሰው ዋጋዋን ያውቃል።

ሁለተኛው የጎንደር መልክ መጻፍ ነው። እዚያ ሰዉ ይጽፋል። ዳባት ላይ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልደትና ሞት፣ መምጣትና መሄድ እየተከታተለ የሚመዘግብ የምርምር ጣቢያ አላቸው። ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የአገር አቀፉን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መረጃም አገላብጠው ብዙ ጽሑፍ ያሳትማሉ። ጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃን በኮምፒውተር ማደራጀትና መጠቀም) ላይም ጠንካራ ናቸው። ፒኤችዲ የምታስቡ፣ ከኮምፒውተር ጋር መዋል የምትወዱ ከሆነ ይህ ልማድ ያሳድጋችኋል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በተዘጋጀ መረጃ መመረቅ ይቀላል፣ ያጓጓልም። መጠይቅ ይዛችሁ የሰው በር ሳታንኳኩ ብትመረቁ በኋላ ሥራ ላይ ይቆጫችኋል። ጎንደር ከገባችሁ ዳባትን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት።

የጸጥታው ነገር ደግሞ ሊታለፍ አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ አይተናል። ይህ የዩኒቨርሲቲው ጥፋት አይደለም። ግን የመመረቂያ ጥናታችሁን ገጠር ላይ የምታቅዱ ከሆነ፣ ቀበሌው መድረስ ይቻል እንደሆነ በዚያው ወር ያለ ሰው ጠይቃችሁ ወስኑ። ዓምና የሄደ ሰው የሚነግራችሁ አይበቃም።

ጅማ

ጅማ ሲመሠረት ጀምሮ የተለየ ሐሳብ ይዞ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲከፈት ትምህርቱ ኅብረተሰቡ ውስጥ እንዲሰጥ ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ሐሳቡ አልተተወም። የዩኒቨርሲቲው መፈክር ራሱ ኅብረተሰቡ ውስጥ መሆንን ነው የሚናገረው። ብዙ ተቋም ግድግዳ ላይ ጽፎ የሚረሳው ነገር አለ፤ እዚህ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ሁሉ ሰፈርና ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት ይዞራል፣ ችግር ይለያል፣ ከነዋሪው ጋር ዕቅድ ያወጣል። ማስተርስ ስትገቡ የምታገኙት መምህር ብዙውን ጊዜ በዚያ ጭቃ ያለፈ ነው።

ለምሳሌ ግልገል ጊቤን ውሰዱ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ግድቡ ዙሪያ የዩኒቨርሲቲው የመስክ ምርምር ማዕከል አለ። ለግድቡ ውኃ ቅርብ የሆኑ ልጆች ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ የጅማ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። መብራት የምናገኝበት ግድብ አጠገቡ ላለው ሕፃን ምን ይዞ መጣ ብሎ መጠየቅ ለእኔ የኅብረተሰብ ጤና ማለት ነው።

ለሥራ አመራር ለምታስቡም ጅማ ጥሩ ነው። ከአሜሪካው ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀምሮ የነበረው የክትትልና ግምገማ (ኤም ኤንድ ኢ) ማስተርስ ብዙ ሰው አፍርቷል፤ ዛሬ በየፕሮጀክቱ ኤም ኤንድ ኢ ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ።

ከተማዋ ትንሽ ናት። መምህራችሁን ባጃጅ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ቡና ቤት ታገኙታላችሁ። ይህ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ቢሮው ውስጥ የፈራችሁትን ጥያቄ ቡና ላይ ትጠይቁታላችሁ። ዝናቡ ብዙ ነው፣ ጃንጥላ ያዙ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ቤተሰብ እጠይቃለሁ ብላችሁ አታስቡ።

አዲስ አበባ

ትምህርት ቤቱ ጥቁር አንበሳ ግቢ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው እዚህ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ቡታጅራ ላይ የገጠር ጤና ጥናት ጀመሩ። በሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ብዙ አንጋፋ መምህራንም በዚህ ቤት ያለፉ ናቸው። የወረርሽኝ መርማሪዎችን የሚያሠለጥነው የመስክ ኢፒዲሚዮሎጂ ፕሮግራምም በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው እዚሁ ነው፤ በኋላ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሰፋ።

የአዲስ አበባ ትልቁ ጥቅሙ ቅርበት ነው። ጤና ሚኒስቴሩ፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢሮ፣ ኤንጂኦው ሁሉ እዚያው ከተማ ነው። ማታ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚማረው ሰው ቀን ላይ የክትባት ፕሮግራም የሚመራ ሊሆን ይችላል። ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን አትናቁት።

ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። እዚያ የተማሩ ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚነግሩኝ፤ ሰዉ ሥራ አለው፣ ቤተሰብ አለው፣ ክፍል ሲያልቅ ይበተናል። መምህሩም በብዙ ስብሰባና ጥናት ተይዟል። የቡድን ሥራ በስልክ ነው የሚያልቀው። ራሱን ችሎ መሄድ ለሚችል ሰው ችግር የለውም። ከክፍለ ሀገር ብቻውን ለመጣ፣ ቤት ኪራይ እያንገዳገደው ለሚማር ሰው ግን ብቸኝነቱ ከባድ ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2023 ራስ ገዝ (ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር) ሆኗል፣ ስለዚህ በራሳችሁ ከፍላችሁ የምትማሩ ከሆነ ክፍያውን የዘንድሮውን ጠይቁ። የድሮ ተማሪ የሚነግራችሁን ዋጋ አትመኑ።

ስለ ቋንቋ ማንም አይነግራችሁም

የመመረቂያ ጥናታችሁ ላይ ከሰው ጋር የምታወሩት በምንድን ነው? ጅማ ዙሪያ ገጠር ከወረዳችሁ አፋን ኦሮሞ ነው። ካልቻላችሁ መጠይቁን አስተርጉማችሁ፣ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ መልሶት፣ አመሳክራችሁ፣ ከዚያ መረጃ ሰብሳቢ ቀጥራችሁ ነው። ይቻላል። ግን እናትየዋ «ልጄን ለምን እንዳላስከተብኩት ልንገርህ» ብላ ስትጀምር እናንተ ዳር ቆማችሁ ነው የምትሰሙት። ዳባት ላይ አማርኛ ይበቃል። ቡታጅራ አማርኛ ብዙ ቢሠራም አካባቢው ጉራጌኛና ስልጥኛ የሚነገርበት ነው። በተለይ ጥናታችሁ ቃለ መጠይቅና የቡድን ውይይት ከሆነ ይህን ከዩኒቨርሲቲው ስም አስቀድሙት። አፋን ኦሮሞ አፍ የፈታችሁ ከሆነ ደግሞ ጅማ ሌላው ሰው የሌለውን ዕድል ይሰጣችኋል።

አማካሪ

ይህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያቃጠለኝ ነገር ስላለ።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ፕሮፖዛሌ አራት ወር አማካሪዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በመጋቢት ልወርድ ያሰብኩት ሥራ ሐምሌ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆነ። ገበሬው ለአረም ማሳ ይውላል፣ ቀን ቤቱ ባዶ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ አመሻሽ ላይ መዞር ነበረባቸው፤ ሁለት ቀን የታቀደው ቀበሌ አምስት ቀን ፈጀ፣ የተጨማሪ ቀን አበሉን ከኪሴ ከፈልኩ። ያኔ ከደመወዜ ያጠራቀምኩት ሁሉ አለቀ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ብዙ ተማሪ ተጭኖበት ነበር፣ ግቢውም ተማሪ መጠበቁን እንደ ነውር አይቆጥረውም ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አማካሪ ይሰጣችኋል፤ ዋናና ረዳት። ዋናው ስም ያለው ነው። መስመር በመስመር የሚያነብላችሁ ግን ብዙ ጊዜ ረዳቱ ነው፣ ወጣቱ። ስለዚህ ስትጠይቁ ስለ ታዋቂው ፕሮፌሰር ብቻ አትጠይቁ። ረዳቶቹ በግቢው አሉ ወይስ ግማሾቹ ለፒኤችዲ ውጭ ሄደዋል ብላችሁ ጠይቁ።

ልጅ ላላችሁ እናቶችም አንድ ነገር ልጨምር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የስምንት ወር ልጇንና እናቷን ይዛ ጅማ ገባች። ግቢው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች፣ በክፍለ ጊዜ መሐል ሮጣ እያጠባች ተምራ ተመረቀች። አዲስ አበባ ቢሆን በታክሲ ሰልፍ አይሆንልኝም ነበር ትላለች። ዘመድ አዲስ አበባ ያላት ሴት ደግሞ ተቃራኒውን ትነግራችኋለች። ልጁን ማን ይይዛል የሚለውን ከሁሉ በፊት ቁረጡ።

ከማመልከታችሁ በፊት

አሁን መግቢያው አገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ ፈተና ነው፣ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ። ፈተናውን ሳታልፉ ግቢ መምረጥ ዋጋ የለውም፣ ቀኑን ተከታተሉ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት መጀመሪያ ከተማራችሁበት ቦታ እስኪላክ ጊዜ ይወስዳል፤ ዛሬውኑ ጀምሩት። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን የስምምነት ደብዳቤና የአገልግሎት ግዴታውን በጽሑፍ ያዙ። አለቃ ይቀየራል፣ የቃል ተስፋ አብሮት ይሄዳል።

ከዚያ ከምታስቡት ግቢ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ ደውሉ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። መጀመሪያ ዓመት ተማሪ አይሆንም፣ ገና ኮርስ ላይ ነው። «ፕሮፖዛልህ ስንት ጊዜ ተመለሰ? በየስንት ቀኑ?» በሉት። አምስት ጊዜ ተመለሰ ቢላችሁ አትደንግጡ፣ አማካሪው አንብቦታል ማለት ነው። በየስንት ቀኑ የሚለውን ግን ወረቀት ላይ ጻፉትና የሦስቱን ግቢ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት።