ኦሜጋ አኳ ቴራ፦ የክቱን ሰዓት የዘወትር ሳደርገው

ቁም ነገሩን ከፊት ላስቀምጠው። ኦሜጋ ሲማስተር አኳ ቴራ፣ ባለ 41 ሚሊ ሜትሩ፣ በየቀኑ ሊታሰር የሚችል ግሩም ሰዓት ነው። ማሽኑ አስተማማኝ ነው። መስታወቱ በቀላሉ አይበገርም። ውኃ አይፈራም። ብረቱ ግን ይጫራል፣ ያውም ክፉኛ። ይሄን መቀበል የማይችል ሰው ወይ አይግዛው፣ ወይ ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበትና ለሠርግ ብቻ ያውጣው። እኔ የክት ሰዓት አይሆንልኝም። ሰዓት እጅ ላይ ካልዋለ ሰዓት መሆኑ ምኑ ላይ ነው?

ሥራዬን ካልነገርኳችሁ የምለው ነገር አይገባችሁም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ ውሎዬ ግን ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። አንድ ሰሞን በመዘዞና በሞላሌ አድርጌ መሐል ሜዳ እወጣና በግ እከትባለሁ፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ጣርማ በርን አልፌ፣ ደብረ ሲናን አቋርጬ ቆላ እወርዳለሁ። ቢሮ ውስጥ የምቀመጥበት ቀን ትንሽ ነው። ስለዚህ የዚህ ሰዓት ውሎ በጋጣ፣ በካብ አጥር፣ በመኪና በርና በክትባት ሣጥን መሐል ነው።

ሰዓቱን የሰጠኝ ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። አዲሱ ከ5,000 ዶላር በላይ ያወጣል፣ በደመወዜ የማስበው ነገር አልነበረም። ሲሰጠኝ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «እሰረው፣ እንዳታስቀምጠው።» ቃሉን ጠብቄያለሁ።

አሁን ወደ ጭረቱ። የመጀመሪያው የመጣው መንዝ ውስጥ፣ የካብ ጋጣ ውስጥ ነው። የመንዝን በግ የያዘ ሰው ያውቀዋል፣ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። አንድ አውራ ይዤ ሳለ ወደ ጥግ ጎተተኝና ክንዴ ካቡ ላይ ተፋተገ። ድምፁን ሰማሁት። ሆዴ ባር ባር አለ። በጉን ከትቤ ከለቀቅሁት በኋላ እጅጌዬን ሰብስቤ አየሁት። መስታወቱን የከበበው የሚያብረቀርቀው ቀለበት ላይ፣ ከ10 ሰዓት ምልክት አጠገብ፣ የገብስ ቅንጣት የምታህል መስመር አለች። ፀሐይ ሲያርፍባት ነጭ ሆና ትታያለች፣ ጥላ ውስጥ ስገባ ትጠፋለች። ጥፍሬን ሳሳልፍባት ትይዘኛለች፣ በአንደኛው ወገን ብረቱ ተገፍቶ ትንሽ ከፍ ብሏል።

ያ ተገፍቶ ከፍ ያለው ብረት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ጭረት ብዙውን ጊዜ ብረቱን አይወስድም፣ ወደ ጎን ነው የሚገፋው። ብረቱ እዚያው ነው ያለው። ብረቱን የሚወስደው ፖሊሽ ነው። ጭረቷን ለማጥፋት በዙሪያዋ ያለው ሁሉ እስከ ጭረቷ ጥልቀት ድረስ መላግ አለበት። አንድ ጊዜ ቢደረግ ምንም አይደለም። ደጋግሞ ከተደረገ ግን ስል የነበረው ጠርዝ ይዶለዱማል፣ ማሰሪያውን የያዙት ቀንዶች ይሳሳሉ፣ የተቦረሸው (በቀጫጭን መስመሮች የደበዘዘው) እና የሚያብረቀርቀው ገጽ የሚለያይበት መስመር ይደበዝዛል። ጭረት ያለበት ሰዓት ቅርጹ አለ። ብዙ የተፋቀ ሰዓት ቅርጹ የለም፣ የሄደውን ብረት ደግሞ ማንም አይመልሰውም።

ይሄን የምለው በዓይኔ ስላየሁ ነው። ጓደኛዬ ጥሩ የስዊዝ ሰዓቱን አንድ ሱቅ ሰጥቶ «አዲስ አድርጉልኝ» አላቸው። በማሽን አሽተው፣ መስታወት አስመስለው መለሱለት። የተቦረሸው ገጽ ሁሉ ጠፍቶ ሰዓቱ ከላይ እስከ ታች ያብለጨልጫል፣ ጠርዞቹም ዶልዱመዋል። እሱ ለሳምንት ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ አዲስ ጭረት መጣ፣ አሁን ደግሞ በሚያብለጨልጨው ላይ ከድሮው በባሰ ይታያል።

ለምን ይጫራል የሚለው ቀላል ነው። ብረቱ 316 ኤል የሚባለው አይዝጌ ብረት ነው፣ አብዛኞቹ ጥሩ ሰዓቶች የሚሠሩበት። ዝገትን ይቋቋማል፣ ላብን ይቋቋማል፣ ለጭረት ግን ለስላሳ ነው። አቧራችን ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ኳርትዝ አለበት፣ ኳርትዝ ደግሞ በሞዝ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፣ ከብረቱ ይጠነክራል። መስታወቱ ሰው ሠራሽ ሰፋየር ነው፣ በዚያው መለኪያ 9። ከሱ በላይ አልማዝና ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ የበጋ አቧራ ብረቱን ይጭራል፣ መስታወቱን አይነካውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ መስታወቱ ላይ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ አለ፣ እሱ በውጭ በኩል ሊጫር ይችላል። ሰፋየር አይጫርም ማለትም አይሰበርም ማለት አይደለም፤ ድንጋይ ላይ ጠርዙን ከመታችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል።

የመስታወቱን ጥቅም በደንብ ያየሁት እዚያው መንዝ፣ በግ ያስከተቡ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

«ልጄ፣ ኦሜጋ ነው?» አሉኝ እጄን እያዩ።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ በግ ጋጣ ይዘኸው ትገባለህ?»

«ሌላ የለኝም ጋሼ። እሱን አስሬ ነው የምውለው።»

«ደግ አደረግህ» አሉና የራሳቸውን አሳዩኝ። ሴይኮ 5 ነው፣ ብረቱ ጠንካራ፣ ማሽኑ ዛሬም ይሄዳል። መስታወቱ ግን ጭጋግ ለብሷል። ሰዓቱን ለማየት ክንዳቸውን ወደ ፀሐይ አዘንብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ነው። የሴይኮ 5 መስታወት ሰፋየር ሳይሆን ጠንከር ያለ ተራ መስታወት ነው፣ የዓመታት አቧራ እንዲህ ያደርገዋል። ቤት ስገባ የኔን አየሁት። ብረቱ በሙሉ ተጫጭሯል፣ ገጹ ላይ ያሉት አግድም መስመሮች ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለዘወትር ሰዓት የምፈልገው ይሄን ነው። ሰዓቱ ይነበብልኝ እንጂ ብረቱ የፈለገውን ይሁን።

ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው። የብረት ማሰሪያው መሐለኛ ዘለበቶች የሚያብረቀርቁ ናቸው። ዳርና ዳሩ የተቦረሸ ነው፣ ጭረቱን ይደብቀዋል፣ መሐሉ ግን ምንም አይደብቅም። በየቀኑ እንዲታሰር ታስቦ በተሠራ ሰዓት ላይ ይሄን ማድረግ አልወደድኩትም። ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ አይካድም። ከጥቂት ወር በኋላ ግን መሐለኛው መስመር ከላይ እስከ ታች የሸረሪት ድር ይመስላል። መቆለፊያውማ ላፕቶፕ ላይ በተጻፈ ቁጥር ከጠረጴዛ ጋር ይፋተጋል፣ የበግ ጋጣ አያስፈልገውም።

ሌላው ቅሬታ ለኛ አገር ሰው በተለይ ይሰማዋል። የኔው ሰዓት መቆለፊያ ላይ ማሰሪያውን በጥቂቱ ማጥበቂያና ማላያ የለውም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። በግማሽ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ሙቀት ትወርዳላችሁ። ጠዋት ሳስረው ብረቱ በብርዱ ያቃጥላል፣ ማሰሪያው ላልቶ እጄ ላይ ይዞራል። ጣርማ በር ላይ ካለው የጣሊያን ዋሻ ወዲያ ቁልቁለቱን ስንጨርስ እጄ ያብጣል፣ ያው ማሰሪያ ቆዳዬ ላይ ጥርሱን ይተዋል። ስለዚህ ቆላ ስወርድ የጨርቅ ማሰሪያ አደርግለታለሁ። ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ብረቱንም ያሳርፈዋል። መንዝ ብርድ ውስጥ ደግሞ በርኖስ ስደርብ ማሰሪያው ላላም ጠበቀም አላስታውሰውም።

ማሽኑ ላይ ምንም የምለው የለኝም። ካሊበር 8900 ይባላል። ሙሉ ተሞልቶ 60 ሰዓት ይሄዳል፣ ማለትም አርብ ማታ ብትፈቱት ሰኞ ጠዋት ሲሄድ ታገኙታላችሁ። ከፋብሪካ ሲወጣ የስዊዘርላንድ የሥነ ልክ ተቋም ፈተና አልፎ ነው፣ በቀን ከ0 እስከ 5 ሰኮንድ ብቻ እንዲቀድም። እስከ 15,000 ጋውስ የማግኔት ኃይል ይቋቋማል። ይሄ ቁጥር ለወሬ የተቀመጠ አይምሰላችሁ። ተራ መካኒካል ሰዓት ስልክ፣ ድምፅ ማጉያ ወይም የላፕቶፕ ክዳን አጠገብ ውሎ ማግኔት ከያዘው መሮጥ ይጀምራል፣ ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ ያስፈታዋል። የኔው ከነዚህ ሁሉ ጋር ውሎ ያድራል፣ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ሥራዬ ላይ በጣም የምወደው ግን ሰኮንድ ቆጣሪውን ነው። የእንስሳ ልብ ምትና ትንፋሽ ስቆጥር ስልክ አይመችም፣ አንድ እጄ ሁልጊዜ ተይዟል። የጤነኛ በግ ልብ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ይመታል። ሌሊት ላም ምጥ ይዟት ተጠርቼ ስሄድ፣ ጨለማ በረት ውስጥ ቆጣሪዎቹ ያበራሉ፣ ባትሪ ሳላበራ ሰዓቱን አያለሁ። ለዚህ ጊዜ ሰዓቱን ቤት ትቼው ብሄድ ኖሮ ብዬ ሳስብ ይቆጨኛል።

ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ነው የማስኬደው፣ እና አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ቀን መቀየሪያው የሚዞረው 12 ላይ ነው። በሐበሻ ሰዓት ሲስተካከል ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል፣ ሲነጋ ቀን ተቀየረ ለሚል ሰው የተሠራ ይመስላል። በቀን መቁጠሪያችን ግን ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ 31 ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ በየወሩ መግቢያ አንድ ቀን ማሳለፍ አለባችሁ። ይሄ ሞዴል ለቀን ብቻ የተለየ ፈጣን ማስተካከያ የለውም። የሰዓት ቆጣሪውን በአንድ አንድ ሰዓት እያዘለላችሁ ሁለት ዙር ታዞራላችሁ። ደቂቃውና ሰኮንዱ አይቆሙም፣ ያ ጥሩ ነው። መስከረም 1 ላይ ደግሞ ከጳጉሜን ወደኋላ 5 ቀን (ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 6 ቀን) መመለስ አለ። ትንሽ ያደክማል፣ እኔ ግን ከበዓሉ ቡና ጋር አደርገዋለሁ።

ንጽሕናው ላይ አንድ ምክር ብቻ። አቧራ ውለው ሲገቡ ሰዓቱን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ። አሸዋውን ብረቱ ላይ ማሸት ማለት ነው፣ ጭረቱ ግማሹ የሚመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ በጎኑ ያለው መሙያ በደንብ ተጠምዝዞ መዘጋቱን እዩ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ አስታጥቡት፣ ዘለበቶቹን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ጠረግ ጠረግ አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ጨርቅ። ሰዓቱ 150 ሜትር ውኃ ይቋቋማል ተብሎ የተሠራ ነው፣ ቧንቧ አያስፈራውም። በጋጣ ውስጥ ለሚውል ሰው ይሄ ከመልክ በላይ የጤና ጉዳይም ነው፣ በዘለበቶቹ መሐል የሚቀረውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ።

ልግዛው ወይ ለሚለኝ ሰው፣ ገንዘቡ ካለውና በየቀኑ የሚያስረው ከሆነ አዎ። ለትርፍ ልሽጠው ብሎ የሚገዛ ከሆነ አይደለም፣ የተጫረ ብረት ዋጋ ይቀንሳል፣ እሱን እያሰቡ ደግሞ እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ መኖር አይቻልም። ብረቱ የሚያሳስበው ሰው ሙሉ በሙሉ የተቦረሸ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ይፈልግ፣ በዚያ በኩል ብዙ ዕረፍት አለው። የኔው ሰርቪስ ከ5 እስከ 8 ዓመት ባለው ውስጥ ነው የሚደርሰው። ወንድሜ ይዞት ይሄዳል። ዘይቱን ይቀይሩ፣ የውኃ መከላከያ ጎማዎቹን ይቀይሩ፣ ማሽኑን ያጥቡ። ሙሉ ሰርቪስ ሲሠሩ ብረቱንም ፖሊሽ የማድረግ ልማድ አላቸው፣ ባለቤቱ አልፈልግም ካለ ግን ይተዉታል። ወንድሜ ማዘዣው ላይ «ፖሊሽ እንዳይደረግ» ብሎ እንዲያጽፍልኝ ካሁኑ ነግሬዋለሁ።