የኤሌክትሪክ ገልባጭ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ፦ ጭነትዎ ቁልቁል ነው ወይስ ሽቅብ?

ስለ መኪናዬ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው «በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?» የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ መልሼ ጭነቱን ከየት ወዴት እንደሚያመላልስ እጠይቀዋለሁ። ከሱሉልታ ካባ፣ ማለትም ከድንጋይ ማውጫው፣ ጠጠር የሚያወርድ ከሆነ ሳያመነታ ይግዛ እላለሁ። ከሞጆ በኩል አሸዋ የሚያወጣ ከሆነ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጥ። እኔ በሁለቱም መንገድ ሠርቼበታለሁ፤ የማወራው ስለ አንድ መኪና ቢሆንም ሁለት መኪና የገዛሁ ያህል ነው የሚለያየው።

ቻይና ሠራሽ፣ ባለ አሥር ጎማ ገልባጭ ነው። ባትሪው 282 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሲሆን ከጋቢናው ጀርባ እንደ ቁም ሣጥን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እዚያ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቻይና እንዲህ ያለውን ባትሪ ከላይ በማንሻ አውጥተው በደቂቃዎች ውስጥ በሞላ ይቀይሩታል። እኔ በምሠራበት አካባቢ የመቀየሪያ ጣቢያ ስለሌለ የእኔው ከመጣ ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም። ክብደቱ ከ2 ቶን በላይ ነው፤ ይህም በየቢያጆው (በየምልልሱ) ከምጭነው ላይ የሚቀነስ ነው። ሻጮች ይህን ቀድመው አይነግሩም።

የሱሉልታው መንገድ ለዚህ መኪና የተቆረጠ ይመስላል። ባዶውን ይወጣል፣ ጭኖ ይወርዳል። የእንጦጦን ጀርባ አልፎ በጎጃም መንገድ ወደ ከተማው ሲያሽቆለቁል ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ የፐርሰንቱ ቁጥር መቀነሱን ትቶ ወደ ላይ ይቆጥራል። በስዊዘርላንድ ከተራራ ካባ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚያመላልስ ኢዳምፐር የሚባል ግዙፍ የኤሌክትሪክ ገልባጭ አለ፤ ጭኖ ሲወርድ የሚያመነጨው ባዶውን ለመውጣት ይበቃዋል ይባልለታል። የእኔ እዚያ አይደርስም፤ በመሀል ዳገትም፣ የትራፊክ መብራትም፣ ድንገት የሚታጠፍ ባጃጅም አለ። ቢሆንም አንዱ የሱሉልታ ቢያጆ ደርሶ መልስ የሚበላው ከባትሪው አምስተኛ እጅ ያልዘለለ ነው።

ሾፌሬ በናፍጣ መኪና ያረጁ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ላይ መኪናውን በጥርጣሬ ነበር የያዙት። አንድ ቀን ጎማ ፈትተው የፍሬን ሸራውን በጣታቸው እየዳሰሱ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና አልተነካም» አሉኝ። በናፍጣው ገልባጭ በዚህ ጊዜ ሸራ መቀየሪያችን ደርሶ ነበር።

ቁልቁለቱ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል አይቀበልም። ስለዚህ ከቁልቁለት አናት ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ የተነሣ መኪና ሞተሩ ሊይዝለት አይችልም፤ ያን ሁሉ ቶን የሚያቆመው የአየር ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። እኔ የምሞላው ቃሊቲ ግቢዬ ውስጥ ስለሆነ ካባው እስክደርስ ባትሪው ቦታ ያገኛል። ካባው ላይ ኃይል መሙያ ሊያቆም የሚያስብ ሰው ግን 85 ፐርሰንት ላይ ቢገድበው ይሻለዋል።

ወደ አሸዋው ልምጣ። ከሞጆ ወደ ቱሉ ዲምቱ ያለው መንገድ በፍጥነት መንገዱ ላይ ለጥ ያለ ይመስላል እንጂ ዳገት ነው፤ ጭነቱም የሚመጣው በዚያው አቅጣጫ ነው። 40 ቶን 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህ የጎማና የነፋስ መጎተት ሳይጨመርበት ነው። የእኔ መኪና በዚህ መንገድ ጭኖ ሲመጣ በኪሎሜትር ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ባዶውን ሲወርድ የሚመልሰው ኃይል ደግሞ ትንሽ ነው፤ የሚገፋው ክብደት የለማ። አንዱን ቢያጆ ያለ ሐሳብ ይጨርሳል፤ ሁለተኛው ሳይሞላ አይሞከርም። የናፍጣ መኪና ያለው ጎረቤቴ በዚያው ቀን ሦስተኛውን ሲጀምር እኔ ገመድ ላይ ነኝ። እርግጥ እሱም ማደያ ተሰልፎ የሚያድርበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ሒሳቡ ይገለበጣል።

በወጪ በኩል ክርክር የለም። ሁለቱን መንገድ አማካኝ ወስጄ የመብራት ክፍያዬ ቀድሞ ለናፍጣ ከማወጣው ሩቡን አይሞላም። ስታሰሉ ግን የምትወስዱት የቆጣሪውን ንባብ ይሁን፤ በመሙላት ጊዜ በሙቀት የሚባክን ስላለ ቆጣሪው መኪናው ከሚያሳየው አሥር በመቶ ያህል ይበልጣል። የሞተር ዘይት፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን የሚባል ወጪ ቀርቷል። ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ነው፤ ራሱ ይቀያይራል።

ከፍታውም ለእኛ ያደላል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው። የናፍጣ ሞተር ይህን በትንፋሹ ያውቀዋል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ጭኖ ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ ጭስ የለ፣ ማጓራት የለ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ቀጭን አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ ግን ረጅም ዳገት ላይ የማቀዝቀዣው ፋን ሳያቋርጥ ይጮኻል። የካባ አቧራ ራዲያተሩን ሲደፍነው ይብስበታል፤ በየሳምንቱ በአየር ማስነፋት ግዴታ ነው።

ዋናው ራስ ምታት መኪናው አይደለም፤ መሰኪያው ነው። ባለ 160 ኪሎዋት ኃይል መሙያ ወደ 200 ኪሎቮልት አምፒር የሚጠጋ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ያንን ለአንድ ገልባጭ ብሎ ማስተከል አቅምም ትዕግሥትም ይጠይቃል። እኔ ባለ 60 ኪሎዋቱን መረጥሁ። ባዶ የደረሰ ባትሪ በአምስት ሰዓት ገደማ ይሞላል፤ ማታ ተሰክቶ ሌሊት ይጨርሳል። መብራት የጠፋ ሌሊት ግን ጠዋት ላይ ሾፌርም ረዳትም ግቢ ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ። ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው፤ የእኔ ችግር ግን ግድቡ ጋ ሳይሆን በሰፈራችን ምሰሶ ላይ ነው። የመሰኪያውንም ዓይነት ሳትጠይቁ እንዳትገዙ። የቻይናና የአውሮፓ መሰኪያ አይገጥምም፤ ከግቢያችሁ ውጭ ለመሙላት ስታስቡ ነው የሚታወቃችሁ።

በክረምቱ አንድ ጊዜ መኪናው ቆሟል። ከባትሪው ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው ገመድ ጫፍ ላይ የካባ ጭቃና ውኃ ገብቶ መኪናው ራሱን አጠፋ። ደኅንነቱ እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው። ክፋቱ ያንን አንዲት ማገናኛ አስመጪው መጋዘን ውስጥ አለማስቀመጡ ነው፤ ከቻይና እስኪመጣ ሳምንታት ወሰደ። የሰፈር ጋራዥ እጁን አያስገባም፤ አለማስገባቱም ልክ ነው፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ስትገዙ የመለዋወጫ ዝርዝር በውል ውስጥ አስገቡ።

የባትሪው ቆጣሪ ደግሞ ጠባዩን ማወቅ ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት ባትሪ ቮልቴጁ ከመካከለኛው ሙሌት ላይ ብዙም ስለማይለዋወጥ ኮምፒውተሩ ግምት ላይ ይወድቃል። ለብዙ ቀን በከፊል ብቻ ከሞላችሁት 45 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ይቆይና ባንዴ 30 ይላል። በሳምንት አንድ ቀን እስከ መቶ መሙላት ያስተካክለዋል፤ እኛ ይህን ለቅዳሜ ማታ መድበነዋል።

ሃይድሮጅን እስኪመጣ ልጠብቅ የሚሉኝም አሉ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 33 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል፤ ውኃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ እሱን ለማግኘት ግን ከ50 በላይ ይወጣል፤ መኪናው ላይ ያለው ፊውል ሴል ደግሞ ከ33ቱ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚመልሰው። መብራቱን በቀጥታ ባትሪ ውስጥ መክተት እየተቻለ ይህን ዙሪያ ጥምጥም ለጠጠር ማጓጓዣ አልመርጠውም። በአሜሪካ የሃይድሮጅን ከባድ መኪና ይሠራ የነበረው ኒኮላም በየካቲት 2017 ዓ.ም. የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል።

የጅቡቲ መስመር ሌላ ጨዋታ ነው። 40 ቶን ከባሕር ጠለል ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ማንሳት ብቻውን ወደ 250 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ የእኔን ባትሪ ጠራርጎ ሊወስድ ምንም አይቀረው። ኢአክትሮስ 600 የሚባለው የመርሴዲስ የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ባትሪው 621 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ እሱም ቢሆን በመንገድ ላይ ኃይለኛ መሙያ ካላገኘ አይዘልቀውም። ለዚያ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ለገልባጭ ባለቤት የሚያስቀና ነገር አይታየኝም።

እኔ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ገልባጭ ለሱሉልታ እጨምራለሁ። ለሞጆ የናፍጣው መኪና ባለበት ይቆያል፤ በመንገዱ አጋማሽ የከባድ መኪና ኃይል መሙያ ከተተከለ እንደገና አሰላለሁ። እስከዚያው ጎማ ቆጥቡ፤ የሞተሩ ጉልበት ገና እግር ሲነካው ስለሚመጣ በጭቃ ላይ የኋላ ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ቶሎም ያልቃል። ናፍጣ ቀርቶ ሜካኒኩ ሲከፋው ጎሚስታው ግን አልተጎዳም።